ከአውራ ዶሮ እስከ ደም ሥር

በሬ ተኮላሽቶ ሰንጋ፣ በግ ተኮላሽቶ ሙክት እንደሚሆን ከሐኪምም ከኬሚስትም ቀድሞ ያወቀው ገበሬ ነው። ኮርማው መዋጋቱን ይተዋል፤ ላም ማሳደዱ ይቀራል፤ ለቀንበር ይገራል፤ ሥጋው ስብ ይይዛል። በየአገሩ ቤተ መንግሥት ጃንደረቦችን ያሳደረውም ይኸው ዕውቀት ነው። ከዚህ በመነሳት የሰው ልጅ ለረጅም ዘመን ያልተጠራጠረው አንድ ድምዳሜ ላይ ደርሶ ነበር። የወንድነት ኃይል ያለው በዘር ፍሬ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ብልቱ አልቆም ያለው ወንድ ያጣው ያንኑ ኃይል ነው፤ መድኃኒቱም የጎደለውን መሙላት ነው። የዚህ ድምዳሜ መነሻ እውነት መሆኑን ሳይንስ አረጋግጧል። ተከትለው የመጡትን ሁለቱን ግን ምርምር በየጊዜው ሲያፈርሳቸው፣ ገበያ በየጊዜው መልሶ ሲያቆማቸው ከ170 ዓመት በላይ ሆኗል። ከዚህ በታች የምተርከው ይህንኑ ታሪክ ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የታሪኩ ማስረጃ ሲደመር ወደ አንድ ነገር ያመራል ብዬ አምናለሁ። ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን ከሁሉ በላይ የሚያዝዘው በፍላጎት ላይ ነው፤ የብልት መቆም ደግሞ ከሁሉ በላይ የደም ሥር ሥራ ነው። ሁለቱን ሳይለይና ሳይለካ የሚሰጥ ሕክምና በሽተኛውን ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ሌላ ብዙ ነገር ያስከፍለዋል።

በ1848 ክረምት ጎቲንገን በተባለች የጀርመን ከተማ አርኖልድ አዶልፍ በርቶልድ የሚባል የፊዚዮሎጂ ሊቅ ስድስት ወጣት አውራ ዶሮዎችን ለሙከራ አዘጋጀ። ከሁለቱ የዘር ፍሬዎቻቸውን በሙሉ አወጣ። ሌሎቹ ሁለቱ አንድ የዘር ፍሬ ብቻ አጡ፤ የቀረላቸው ግን ከነበረበት ተላቆ ሆድ ዕቃቸው ውስጥ ተተወ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሁለቱንም ካጡ በኋላ አንዱ የሌላው የዘር ፍሬ ሆዱ ውስጥ ተተከለለት። ወራት ሲያልፉ ሙሉ በሙሉ የተኮላሹት ራሳቸው ላይ ያለው ቀይ አክሊል ገርጥቶና አንሶ ቀረ፤ ድምፃቸው ሰለለ፤ ጠብም ሸሹ። አራቱ ግን እንደማንኛውም አውራ ዶሮ ጮኹ፣ ተደባደቡ፣ እንስት ዶሮ አሳደዱ። በርቶልድ ሆዳቸውን ከፍቶ ሲመለከት የተተከለው የዘር ፍሬ አንጀት ላይ ተጣብቆ፣ አዳዲስ የደም ሥሮች አብቅሎ አገኘው። ከቀድሞ ነርቩ ግን ተቆርጧል። ነርቭ ከሌለ ለውጡን ያመጣው ነገር ወደ መላው አካል የደረሰው በደም በኩል መሆን አለበት አለ። በ1849 የታተመችው ጽሑፉ አራት ገጽ ያህል ብቻ ናት፤ ዛሬ የሆርሞን ሳይንስ መነሻ ተብላ ትጠራለች። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው በርቶልድ ያየውና ያላየው ነገር ነው። ያየው አክሊልን፣ ድምፅን፣ ጠበኝነትንና ፍላጎትን ነበር። ስለ መቆም የነገረን ነገር የለም። በኋላ የመጡት ሰዎች ግን ይህን ድንበር በቀላሉ ተሻገሩት።

ከተሻጋሪዎቹ ሁሉ ስመ ጥሩ ሻርል ኤድዋር ብራውን ሴካር ነው። በሞሪሺየስ ደሴት የተወለደው ይህ ሳይንቲስት በአከርካሪ ነርቭ ጥናቱ ዓለም ያከበረው ሰው ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1889 ፓሪስ ውስጥ በሥነ ሕይወት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሞ፣ በ72 ዓመቱ፣ ከውሻና ከጊኒ ፒግ የዘር ፍሬ ተጨምቆ የተዘጋጀ ፈሳሽ ራሱን እንደወጋ ተናገረ። ደረጃ እየሮጠ መውጣት እንደቻለ፣ ለረጅም ሰዓት ቆሞ መሥራት እንደጀመረ፣ የክንዱ ጉልበት እንደጨመረ፣ ሽንቱ ሳይቀር ከቀድሞው ርቆ እንደሚወረወር በቁጥር እየጠቀሰ አስረዳ። ሰውየው ዋሽቷል ለማለት ምንም ምክንያት የለም፤ የተሰማውን ነው የተናገረው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የዘር ፍሬ ቴስቶስትሮንን ያመርታል እንጂ አያከማችም፤ ያመረተውን ወዲያው ወደ ደም ይለቀዋል። ሆርሞኑ ደግሞ በውሃ በቀላሉ አይሟሟም። በ2002 አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዎች የእርሱን አሠራር ደግመው ጭማቂውን ሲለኩት፣ ሰውነት ላይ አንዳች ለውጥ ለማምጣት የማይበቃ እጅግ ጥቂት ሆርሞን ነበር ያገኙበት። ብራውን ሴካርን ያበረታው ተስፋው ነው ማለት ነው። ይህ ነጥብ ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም። ከዚህ በኋላ በሚመጣው ታሪክ ሁሉ፣ አንድ ሰው መድኃኒቱ ረድቶኛል ሲል ረዳው የምንለው በምን ማስረጃ ነው የሚለውን ጥያቄ ያነሳው ይህ ቀን ነውና።

ቀጣዮቹ 40 ዓመታት የቀዶ ሐኪሞች ዘመን ናቸው። በቪየና ኦይገን ሽታይናኽ የዘር ቱቦ ቢታሰር ዘር የሚያመርተው ክፍል ይከስማል፤ ሆርሞን የሚያመርተው ይፋፋል፤ ሽማግሌውም ጉልምስናው ይመለስለታል ብሎ አሰበ። ከ1918 ጀምሮ ሀሳቡ በሰው ላይ ተሞከረ። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1923 የአፉ ካንሰር እንዳይመለስበት ተስፋ አድርጎ የዘር ቱቦውን አሳሰረ። የአየርላንዱ ባለቅኔ ዊልያም በትለር ዬትስ ደግሞ በ1934 ለንደን ውስጥ በ68 ዓመቱ ይህንኑ ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ ሁለተኛ ጉርምስና እንደመጣለትም ተናገረ። የሽታይናኽን ሀሳብ ለመፈተሽ ዛሬ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ያው የዘር ቱቦ መቋጠር በዓለም ዙሪያ በብዙ ሚሊዮን ወንዶች ላይ ለወሊድ መከላከያ ይሠራል፤ ማንንም ወጣት አላደረገም። በፓሪስ ሰርዥ ቮሮኖፍ ሰኔ 12 ቀን 1920 የጦጣ የዘር ፍሬ ቁራጭ በሰው ላይ መትከል ጀመረ፤ አካል የባዕድን ሥጋ እንደሚያስወግድ ገና በደንብ አልታወቀም ነበርና የተተከለው ሁሉ ደርቆ ጠባሳ ሆኖ ቀረ። በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ሚልፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ጆን ብሪንክሊ በአንድ ሰው 750 ዶላር እያስከፈለ የፍየል የዘር ፍሬ ይተክል ነበር። ራሱ ባቋቋመው የሬዲዮ ጣቢያ አድማጮቹን እየጠራ ሀብት አካበተ፤ በ1930 የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ፤ በእጁ ገብተው በቁስል መመርቀዝ የሞቱ ሰዎች ግን አልተመለሱም። ሦስቱ ሰዎች በዕውቀትም በሐቀኝነትም እኩል አልነበሩም፤ ሽታይናኽ እውነተኛ ተመራማሪ ነበር፤ ብሪንክሊ የሐሰት ዲግሪ የያዘ ነጋዴ። አንድ የሚያደርጋቸው በደም ውስጥ ያለውን ሆርሞን የሚለካ መሣሪያ ሳይኖር ማከም መጀመራቸው ነው። መለኪያ በሌለበት ሐቀኛውንና አታላዩን ለይቶ ማወቅ ለበሽተኛው አይቻለውም።

መለኪያው የመጣው ከቄራ ነው። ቺካጎ በዚያ ዘመን የአሜሪካ የሥጋ ዋና ከተማ ነበረች፤ ፍሬድ ኮክ የተባለው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስት ደግሞ ከእነዚያ ቄራዎች የኮርማ የዘር ፍሬ በብዛት ማግኘት ይችል ነበር። በ1927 ከተማሪው ሌሙኤል ማክጊ ጋር 40 ፓውንድ፣ ማለትም 18 ኪሎ ያህል፣ የኮርማ የዘር ፍሬ በኬሚካል እያጠቡና እያጣሩ ቆይተው በመጨረሻ እጃቸው ላይ የቀረው 20 ሚሊግራም ነበር፤ በማንኪያ ጫፍ እንኳ የማይታይ። ያቺን ቅንጣት የተኮላሸ አውራ ዶሮ ሲወጉበት የገረጣው አክሊሉ ቀላ፣ አደገ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሆርሞን መለኪያ የዶሮ አክሊል ሆነ፤ የአክሊሉ ዕድገት በሚሊሜትር እየተለካ የንጥረ ነገሩ ኃይል ይሰላ ነበር። በ1931 ጀርመናዊው አዶልፍ ቡቴናንት ከ15,000 ሊትር የወንዶች ሽንት 15 ሚሊግራም የሚሆን ተዛማጅ ሆርሞን አወጣ። በ1935 ግንቦት ደግሞ አምስተርዳም ውስጥ በኤርንስት ላከር የሚመራው ቡድን ከ100 ኪሎ የኮርማ የዘር ፍሬ 10 ሚሊግራም ጥርት ያለ ክሪስታል አግኝቶ ቴስቶስትሮን የሚለውን ስም አወጣለት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር፣ በቀናት ልዩነት፣ ቡቴናንትና በዙሪክ የሚሠራው ሌኦፖልድ ሩዚችካ ሆርሞኑን ከኮሌስትሮል በቤተ ሙከራ ሠሩት። ሁለቱም የ1939 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ፤ ቡቴናንት ግን የናዚ መንግሥት ስለከለከለው ሽልማቱን የወሰደው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ከእንግዲህ የዘር ፍሬ መትከል አላስፈለገም። ሆርሞኑ በብልቃጥ ገባ፤ ዋጋውም ረከሰ። ጥያቄው ለማን ይሰጥ የሚለው ብቻ ሆነ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡት ካርል ሄለርና ጎርደን ማየርስ ናቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሚገባቸው በታች የተመሰገኑ ሰዎች ቢኖሩ እነዚህ ሁለቱ ይመስሉኛል። በ1944 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ድካም፣ የፍላጎት መጥፋትና የብልት አለመቆም ይዟቸው የመጡ መካከለኛ ዕድሜ ያላቸውን ወንዶች መረመሩ። ቴስቶስትሮንን በቀጥታ የሚለኩበት መንገድ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን አንድ ብልሃት ነበራቸው። የዘር ፍሬ ሲደክም አንጎል ሥር ያለው የፒቱታሪ ዕጢ ሥራህን ሥራ እያለ ትእዛዙን ያበዛል፤ ትእዛዙ ደግሞ በሽንት ውስጥ ይለካል። በዚህ መንገድ በሽተኞቹ ሁለት ወገን ሆኑ፤ አንዳንዶቹ የዘር ፍሬያቸው በእውነት የደከመ፣ ሌሎቹ በሆርሞን ረገድ ምንም የማይጎድላቸው። ከዚያ ለሁለቱም ወገን ቴስቶስትሮን ተሰጠ። የመጀመሪያዎቹ ዳኑ፤ ሁለተኛዎቹ ከሕመማቸው አልተላቀቁም። ተመሳሳይ ምሬት ይዘው የመጡ ሁለት ሰዎች በሽታቸው አንድ ላይሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ በግልጽ ማሳየት ይከብዳል። በዚያው ሰሞን ግን ሁለት ነገሮች ይህን ትምህርት ሸፈኑት። በ1941 ቻርልስ ሃጊንስ የፕሮስቴት ካንሰር ያለበት ሰው ቢኮላሽ ካንሰሩ እንደሚሰንፍ ስላሳየ ብዙ ሐኪም ሆርሞኑን ፈራው። በሌላ በኩል በ1945 የታተመው የፖል ደ ክሩፍ መጽሐፍ ለተራው አንባቢ ቴስቶስትሮንን የእርጅና መድኃኒት አድርጎ አቀረበው። ሐኪሙ ሲፈራ፣ ሕዝቡ ሲመኝ፣ መሐል ላይ ያለው ልኬት ተረሳ።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ሮዛሊን ያሎውና ሰሎሞን በርሰን ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ በደም ያለን ጥቂት ሆርሞን በጨረር አፍላቂ ንጥረ ነገር አማካይነት የሚለካ ዘዴ ፈጠሩ፤ ያሎው በ1977 የኖቤል ተሸላሚ ሆነች። መጀመሪያ የተለካው ኢንሱሊን ነበር፤ በ1960ዎቹ መገባደጃ ዘዴው ለቴስቶስትሮንም ደረሰ። ነገር ግን በዚህ ጊዜ የሕክምናው ዓለም ዓይኑን ወደ ሌላ አዙሮ ነበር። በ1970 የወሲብ ተመራማሪዎቹ ማስተርስና ጆንሰን ባወጡት ሥራ ምክንያት የብልት አለመቆም በአብዛኛው የፍርሃት፣ የጭንቀትና የባልና ሚስት ግንኙነት ጉዳይ ነው የሚለው አመለካከት ነገሠ። ይህን አመለካከት የሰበረው በ1980 በቦስተን ሪቻርድ ስፓርክና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ነው። የብልት አለመቆም ያመጣቸውን 105 ወንዶች ሁሉ ቴስቶስትሮናቸውን ለኩ፤ 37ቱ ያልተጠረጠረ የሆርሞን ችግር ተገኘባቸው። ከእነርሱ ስምንቱ ፕሮላክቲን የሚባለው ሌላ ሆርሞን ከልኩ አልፎባቸው ነበር። ለየችግራቸው የሚገባ ሕክምና ሲያገኙ 33ቱ አቅማቸው ተመለሰ። እዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ከሦስት ሰው አንዱ የሆርሞን በሽተኛ ከሆነ ሆርሞን መስጠት ምን ያስወቅሳል ሊል ይችላል። ለዚህ ሁለት መልስ አለ። እነዚያ 105 ሰዎች ሆስፒታል ድረስ የመጡ ናቸው፤ ሕዝቡን አይወክሉም። ከሁሉ በላይ ግን 33ቱ የዳኑት ቀድሞ ተለክተው፣ እያንዳንዱ የጎደለው ነገር ታውቆ ስለታከሙ ነው። ለፕሮላክቲን በሽተኛው ቴስቶስትሮን ቢሰጠው ዋናው በሽታው ባለበት ይቀር ነበር።

የፍላጎትና የመቆም መለያየት በግልጽ የታየው በ1983 ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት ፍጹም በማይመሳሰሉ ቦታዎች። ኤዲንብራ ውስጥ ጆን ባንክሮፍትና ፍሬድሪክ ዉ የቴስቶስትሮን እጥረት ያለባቸውን ጥቂት ወንዶች ከጤነኞች ጋር አነጻጸሩ። ወሲባዊ ፊልም ሲያዩ ሆርሞን የጎደላቸው ሰዎች ብልት ከጤነኞቹ ባልተናነሰ ቆመ። የጎደላቸው ሌላ ነገር ነበር፤ ፍላጎታቸው ደክሟል፤ በሐሳብ ብቻ መነሳሳት ያቅታቸዋል። ሆርሞኑ ሲሰጣቸው እነዚህ ተመለሱ። በዚያው ዓመት ላስ ቬጋስ ላይ የአሜሪካ የሽንትና የወንዶች ብልት ሐኪሞች ማኅበር ጉባኤውን ሲያካሂድ፣ ጃይልስ ብሪንድሊ የሚባል እንግሊዛዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ መድረክ ላይ ወጣ። የለበሰው እንደ ሌሎቹ ሙሉ ልብስ ሳይሆን ሰፋ ያለ የስፖርት ቱታ ነበር። ፌኖክሲቤንዛሚን የተባለውን የደም ሥር ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ብልት ውስጥ በቀጥታ ቢወጉት መቆምን እንደሚያመጣ በሥዕል እያሳየ ገለጸ። ከዚያም ሥዕሉ ወሲባዊ ሐሳብ ያመጣው ነው እንዳይባልበት፣ ከመምጣቱ በፊት ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ራሱን እንደወጋ ተናገረና ልብሱን ዝቅ አድርጎ ለጉባኤተኛው አሳየ። በጉባኤው የነበሩ ሰዎች ድንጋጤያቸውን ለዓመታት አውርተውታል። እኔ የማየው የማስረጃውን ጥንካሬ ነው። ንግግር ለማድረግ በብዙ ሰው ፊት የቆመ ሰው ላይ ፍላጎት አልተነሳም፤ ሆርሞንም አልጨመረም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የደም ሥሩ ጡንቻ ላላ፣ ደም ገባ። በ1982 ሮናልድ ቪራግ ፓሪስ ውስጥ በፓፓቬሪን ያየውም ይኸው ነበር።

ጡንቻውን በተፈጥሮ የሚያላላው ምን እንደሆነ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታወቀ። ነርቭና የደም ሥር ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይለቃሉ፤ ጋዙ ጡንቻው ውስጥ ሌላ መልእክተኛ ያስነሳል፤ ጡንቻው ይላላል፤ ደም ስፖንጅ የመሰለውን ክፍል ይሞላል፤ የሞላው ክፍል መውጫ ሥሮቹን ተጭኖ ደሙን ያግደዋል። የናይትሪክ ኦክሳይድ ተመራማሪዎች በ1998 ኖቤል ሲሸለሙ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 27 ቀን ሲልዴናፊል፣ በንግድ ስሙ ቪያግራ፣ በአሜሪካ ተፈቀደ። ፋይዘር እንግሊዝ አገር ሳንድዊች ከተማ ውስጥ መድኃኒቱን ይፈትን የነበረው ለልብ ሕመም ነበር፤ በሙከራው የተሳተፉ ወንዶች የነገሩት ሌላ ውጤት ነው አቅጣጫውን ያስለወጠው። መድኃኒቱ ፍላጎት አይፈጥርም፤ ፍላጎት የጀመረውን መልእክት እንዳይጠፋ ያቆየዋል። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1992 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሩት ጉባኤ አቅመ ቢስነት የሚል ትርጉም ያዘለውን የቀድሞ ስም ጥሎ በሽታውን በአሠራር መዛባቱ ብቻ ይጠራው ዘንድ ወስኖ ነበር። እኛ አሁንም ስንፈተ ወሲብ እንላለን። ስንፈት ሰነፍ ከሚለው ቃል ጋር ዝምድና አለው፤ ስሙ ራሱ ሰውየው እንዳልተጋ፣ እንደለገመ ይወቅሰዋል። ደም ሥሩ የጠበበ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ልቡ የታመመ ሰው ሰነፍ እንደማይባለው ሁሉ። በዚህ ስም ምክንያት ስንት ወንድ ከሐኪም ፊት ሳይቀርብ እንደቀረ ሳስብ ያሳዝነኛል።

በሽታው የልብ በሽታ ዘመድ መሆኑ በቁጥር የታየውም በእነዚሁ ዓመታት ነው። በማሳቹሴትስ 1,290 ወንዶችን ያጠናውና በ1994 የታተመው ሥራ፣ ከ40 እስከ 70 ዓመት ከሆናቸው ወንዶች 52 ከመቶው ከቀላል እስከ ከባድ የመቆም ችግር እንዳለባቸው ገለጠ። ችግሩ ከልብ በሽታ፣ ከደም ግፊትና ከስኳር በሽታ ጋር አብሮ ሲሄድ ታየ፤ ከተለኩት 17 ሆርሞኖች መካከል ግን ከአንድ የአድሬናል ዕጢ ሆርሞን በቀር ከችግሩ ጋር የተያያዘ አልነበረም። ቴስቶስትሮን ከተያያዙት ውስጥ የለም። በ2003 ሚላን ላይ ፍራንቼስኮ ሞንቶርሲና ባልደረቦቹ በደረት ሕመም ሆስፒታል የገቡና የልባቸው ደም ሥር መጥበቡ የተረጋገጠ 300 ወንዶችን ጠየቁ። ግማሽ ያህሉ የመቆም ችግር ነበረባቸው፤ ከእነዚህም ከሦስት ሁለቱ ችግሩ የጀመራቸው ከልቡ ሕመም በፊት ነው፤ በአማካይ ከሦስት ዓመት በላይ ቀድሞ። ምክንያቱ በልኬት ይገባል። የብልት ደም ሥር ስፋት ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር ነው፤ የልብ ደም ሥር ሦስትና አራት ሚሊሜትር ይደርሳል። አንድ ዓይነት ቆሻሻ በሁለት ቧንቧ ግድግዳ ላይ ሲጋገር ቀድሞ የሚደፈነው ጠባቡ ነው። በ2004 ደግሞ ኔፕልስ ላይ 110 ወፍራም ወንዶች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ክብደት ሲቀንሱ፣ ከእነርሱ ሲሶ ያህሉ ያለ ምንም መድኃኒት አቅማቸው ተመለሰ። ለአንድ ሰው ይህ ዕውቀት ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። የመቆም ችግሩን ሆርሞን ቀነሰብኝ ብሎ በሚቀባ የሆርሞን ጄል የሚያክም ሰው፣ ልቡ የላከለትን ማስጠንቀቂያ ሳይከፍተው ያስቀምጠዋል።

ገበያው ግን በተቃራኒው ሄደ። በ2000 ቆዳ ላይ የሚቀባ የቴስቶስትሮን ጄል በአሜሪካ ተፈቀደ፤ መርፌ የሚፈራው ሁሉ መንገድ አገኘ። ድካም፣ ክብደት መጨመርና የመኝታ ቤት ችግር ሁሉ የቴስቶስትሮን ማነስ ምልክት ተደርጎ በቴሌቪዥን ተነገረ። በ2001 ከ40 ዓመት በላይ ከሆናቸው አሜሪካውያን ወንዶች 0.81 ከመቶው ሆርሞኑን ይወስዱ ነበር፤ በ2011 ቁጥሩ 2.91 ከመቶ ደረሰ። ከጀማሪዎቹ አንድ አራተኛ ያህሉ በቀደመው ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አልተለኩም። የብሪንክሊ ዘመን ተመለሰ አልልም፤ መድኃኒቱ እውነተኛ ነው፤ ያለ ልኬት መስጠቱ ግን አሮጌው ስሕተት ነው። በተመሳሳይ ጊዜ በስምንት የአውሮፓ ከተሞች ከ40 እስከ 79 ዓመት የሆኑ 3,369 ወንዶች ተጠኑ። በ2010 የወጣው ውጤት፣ ሦስቱ ወሲባዊ ምልክቶች ማለትም የፍላጎት መቀነስ፣ የጠዋት መቆም መቅረትና የመቆም ችግር ከእውነተኛ የሆርሞን ማነስ ጋር በአንድ ላይ የተገኙባቸው 2.1 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ከሦስቱ ምልክቶች መካከል የመቆም ችግር ብቻውን ያለበት ሰው እጅግ ብዙ ነው፤ ሆርሞን አጥቶ ሦስቱንም የያዘው ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት ዛሬ ጥንቁቅ ሐኪም አስቀድሞ የሚጠይቀው ጠዋት ሲነሱ እንዴት ነው ብሎ ነው። ደሙን የሚወስደውም በጠዋት ነው፤ ሆርሞኑ ቀን እየገፋ ሲሄድ ይቀንሳልና። ከ300 ናኖግራም በዴሲሊትር በታች የሆነ ውጤት በሌላ ቀን ጠዋት ካልተደገመ ውሳኔ አይሰጥበትም።

ቴስቶስትሮን ለመቆም ምንም አያደርግም ማለት ነውን? አይደለም፤ ይህን የሚል ሰው ሌላውን ማስረጃ ዘንግቷል። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ናይትሪክ ኦክሳይድን የሚያመርተው ኢንዛይም ሆርሞኑ ሲጠፋ እንደሚደክም አሳይተዋል። መጠኑ በጣም የወረደበት ሰው ሆርሞን ሲያገኝ ከፍላጎቱ ጋር መቆሙም ሊሻሻል ይችላል፤ ሄለርና ማየርስም ስፓርክም ያዩት ይህንን ነው። ጥያቄው መጠነኛ ማነስ ስላለባቸው ስለ ብዙዎቹ ነው፤ ለእነርሱ በ2012 ቦስተን ላይ ጥርት ያለ ሙከራ ተደርጓል። የመቆም ችግርም የቴስቶስትሮን ማነስም ያለባቸው 140 ወንዶች በመጀመሪያ ሁሉም ሲልዴናፊል ተሰጣቸው፤ መቆማቸው ተሻሻለ። ከዚያ ግማሾቹ የቴስቶስትሮን ጄል፣ ግማሾቹ ሆርሞን የሌለበት ባዶ ጄል ለ14 ሳምንት ተጨመረላቸው። የእውነተኛው ጄል ተጠቃሚዎች ሆርሞናቸው ወደ ልኩ ቢመለስም መቆማቸው ከሌሎቹ አልበለጠም። ብራውን ሴካር ያልነበረው ነገር እዚህ አለ፤ ባዶ ጄል የተቀባው ወገን ተስፋ ብቻውን የሚያመጣውን ለውጥ ለይቶ ያሳያል። ሌላው በሽተኛው ሊነገረው የሚገባ እውነት የልጅ ጉዳይ ነው። ከውጭ የሚገባ ቴስቶስትሮን የፒቱታሪ ዕጢን ያስተኛዋል፤ ዕጢው ሲተኛ የዘር ፍሬ ዘር ማምረት ያቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 ባሳተመው ሙከራ በሰባት አገሮች 271 ወንዶች በየሳምንቱ 200 ሚሊግራም ሲወጉ፣ ከግማሽ የሚበልጡት ዘራቸው ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ሙከራው የተካሄደው ለወንዶች የወሊድ መከላከያ ለመፈለግ ነበር። ልጅ የሚፈልግ ወጣት ወንድነቴን ላበረታ ብሎ የሚወጋው መርፌ ይኸው ነው።

በ2015 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሆርሞኑ በእርጅና ብቻ ለወረደ መጠን እንዳልተፈቀደ መለያው ላይ እንዲጻፍ አዘዘ፤ ለልብ ያለው አደጋም አሳሳቢ ሆኖ ነበር። በ2016 የታተመው ጥናት 65 ዓመት የሞላቸው 790 ወንዶችን ለአንድ ዓመት ተከተለ። ፍላጎትና ወሲባዊ እንቅስቃሴ ጨመረ፤ መቆምም በመጠኑ ተሻሻለ፤ የመቆሙ መሻሻል ግን እነ ሲልዴናፊል ከሚያመጡት አነስተኛ ነበር። ከዚያ ከ5,200 በላይ ወንዶች የተሳተፉበትና በ2023 የወጣው ትልቁ ሙከራ ሆርሞኑ ድንገተኛ የልብ ጥቃትንና ስትሮክን የመሰሉ ከባድ አደጋዎችን እንደማይጨምር አሳየ፤ ከሆርሞኑ ወገን 7.0 ከመቶው፣ ከባዶ ጄሉ ወገን 7.3 ከመቶው ናቸው እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰባቸው። የልብ ምት መዛባት፣ የኩላሊት ጉዳትና የሳንባ ደም መርጋት ግን ሆርሞኑን በወሰዱት ላይ በዛ። ይህን ውጤት ካየ በኋላ አንዳንድ ሰው ካልጎዳ ለምን አይሰጥም ይላል። ካልጎዳ የሚለው ይጠቅማል ማለት አይደለም፤ ለዚህም መልሱ በዚያው ሙከራ ውስጥ አለ። ከተሳታፊዎቹ ፍላጎታቸው የቀነሰ 1,161 ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ለብቻ ተጠንተዋል። ፍላጎታቸው ጨመረ፤ ወሲባዊ እንቅስቃሴያቸውም ጨመረ፤ የብልት መቆም ላይ ግን ባዶ ጄል ከተቀቡት ጋር ልዩነት አልታየም። ባንክሮፍትና ዉ ከ40 ዓመት በፊት ኤዲንብራ ውስጥ ከጥቂት ሰዎች የለኩትን ነው እነዚህ 1,161 ሰዎች የደገሙት።